በዚያ ቤት እንግዳው ማን ነው?

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ። አባቶችና እናቶች፣ በመካከላችሁ ቆሜ እንድናገር ስለፈቀዳችሁልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከክፍለ ሀገር ሌሊት ተነሥታችሁ የመጣችሁ የቤት ኅብረት መሪዎችም አላችሁ፤ ድካማችሁን ጌታ ይቁጠርላችሁ።

የተሰጠኝ ርእስ «ገና ላላመኑ ሰዎች የቤት ኅብረት መጀመር» የሚል ነው። ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛ፣ ይህ ኅብረት ከለመድነው በምን ይለያል? ሁለተኛ፣ ቤቱ የማን ነው? ሦስተኛ፣ ከተቀመጥን በኋላ ምን እናደርጋለን? ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ እኔ ራሴ የተሰናከልኩት እዚያ ላይ ነውና። ሰባኪ አይደለሁም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር በአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። የማካፍላችሁ እዚያው ደረጃ ላይ ስወጣና ስወርድ የተማርኩትን ነው።

እንግዲህ አንደኛው። የቤት ኅብረት ወደ እኛ እንዴት መጣ? ታላላቆቻችን ታውቃላችሁ፤ ለወጣቶቹ ስል ልድገመው። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ፣ አዳራሾች ሲወረሱ፣ መሪዎች ሲታሰሩ፣ ምእመናን ወደ ሳሎንና ወደ ጓዳ ገቡ። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ 5 ሺህ ያህል አባላት ነበሯት። ያ ዘመን አልፎ በሯ ሲከፈት 34 ሺህ ያህል ሆነው ወጡ። አምስትም ስድስትም እየሆኑ በየቤቱ ተቀምጠው ነው እንዲህ የበዙት።

እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ። ሐሙስ ማታ እናቴ መጋረጃውን ትዘጋለች፣ ሬዲዮውን ከፍ ታደርጋለች፣ ጀበናዋን ትጥዳለች። ሰው ድንገት ቢመጣ ቡና የተጠራራን ጎረቤቶች ነን ለማለት ነው። የሚመጡት ሰዎች በአንድ ጊዜ አይገቡም፤ አንዱ ከገባ በኋላ ሌላው እስኪመጣ ብዙ ይቆያል። የእኔ ሥራ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጠጠር መጫወት ነበር። የቀበሌ ሰው ብቅ ካለ «እማዬ፣ ውሃ ጠማኝ!» ብዬ መጮኽ አለብኝ። መዝሙሩ የሚዘመረው በሹክሹክታ ነው፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምፁን ግን ከበሩ ላይ ሆኜ አልሰማውም። አዲስ ሰው ወደዚያ ክፍል የሚገባው ለወራት ከተፈተነና ከታመነ በኋላ ብቻ ነበር። ወንጌሉን የሚሰማው ውጭ ነው፤ በሥራ ቦታ፣ በመንገድ፣ ከአንድ ወዳጁ አፍ።

ያ ቤት እምነቴን ሰጥቶኛል፤ እስክሞት አመሰግንበታለሁ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በእኛ ቤት ያየሁት ኅብረት ለመሸሸግ የተሠራ ነበር። በሩ እንዲዘጋ፣ ንግግሩ ለውጭ ሰው እንዳይገባ፣ የሚገባውም ሰው እንዲጣራ ተደርጎ ነው የተሠራው። ዛሬ የቀበሌ ሰው የሚጠብቅ ልጅ በራችን ላይ የለም። በሩ ግን ገና አልተከፈተም። «ሸክም አለብኝ»፣ «ቅባት ወረደ»፣ «ጌታ በልቤ ተናገረኝ» ስንባባል፣ ከጎናችን የተቀመጠው ጎረቤት ምን ይሰማል? ምን ይገባዋል? የአማኞችን ኅብረት ወስደን ሁለት ያላመኑ ሰዎች ብንጨምርበት፣ ኅብረቱ ያው የቀድሞው ነው። ሁለት ሰዎች ተጨንቀው ይቀመጡበታል፣ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፤ የማትስማሙ ልትኖሩ ትችላላችሁ። «ያላመነ» የምንለው ማንን ነው? በአፋችን ብዙ ጊዜ «የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባል ያልሆነ» ማለት ሆኗል። ይህ ልክ አይደለም። ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ተነሥተው ወደ ኪዳን የሚሄዱትን ጎረቤቴን አላመኑም ብዬ የምፈርጅ እኔ ማን ነኝ? እኔ ይህን ኅብረት የጀመርኩት ራሳቸው «አላምንም»፣ «እርግጠኛ አይደለሁም»፣ «ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፌአለሁ» ለሚሉ ሰዎች ነው። እነዚህ ሰዎች በየቤተ እምነቱ አሉ። በእኛም ጉያ አሉ፤ የመዘምራን ልብስ ለብሰው የሚዘምሩ፣ ወላጆቻቸውን ላለማሳዘን ዝም ያሉ ልጆቻችን አሉ። ስለዚህ ማንንም ከቤተ ክርስቲያኑ ለማስኮብለል አልጠራም። ስጠራም በግልጽ እጠራለሁ፦ «ስለ ኢየሱስ የተጻፈ ወንጌል እናነባለን፤ ያሻዎትን መጠየቅ ይችላሉ» እላለሁ። ለቡና ብሎ ጠርቶ መጽሐፍ ቅዱስ ማውጣት ማታለል ነው። ዘይትና ዱቄት ይዞ መጥራት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የተራበ ጎረቤት ካለ እናብላው፤ ቢመጣም ባይመጣም እናብላው።

ሁለተኛው ነጥብ። ቤቱ የማን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ጸለይኩ፣ ጾምኩ፣ ከዚያም ከሕንጻችን አራት ጎረቤቶች ጠራሁ። ብቻዬን እንዳልሆን ብዬ ከቤተ ክርስቲያን ስምንት ሰው ጨመርኩ። አስቡት፤ አራት ለስምንት! ቤቴን አጸዳሁ፣ ሶፋውን ለእንግዶቹ ለቀቅኩ፣ ለበዓል ብቻ የማወጣቸውን ሲኒዎች አወጣሁ። ከጎረቤቶቼ አንዷ በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ፤ እማማ ነው የምላቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ቡናው ተቀዳ። ገና አንድ ጊዜ ፉት ሳይሉ አንድ ወንድማችን «በጸሎት እንጀምር» አለ። ጸሎቱ ረዘመ። ሌሎቹም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተቀበሉት። ዐይኔን ገለጥ አድርጌ ሳይ፣ እማማ ሲኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወለሉን ይመለከታሉ። ቢጠጡ ነውር ይሁን አይሁን አላወቁም። ቡናው እጃቸው ላይ ቀዘቀዘ። ከዚያ ምስክርነት ተሰማ፣ ከዚያ ትምህርት ተሰጠ። በመጨረሻ «ጌታን መቀበል የሚፈልግ አለ?» ተባለ፤ ሁለት ጎረቤቶቼ እጃቸውን አነሡ። ያን ሌሊት ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በሚቀጥለው ሳምንት ማንም አልመጣም። እጃቸውን ካነሡት አንዷ ደረጃ ላይ ስታየኝ ስልክ የምታናግር መስላ ፊቷን አዞረች።

ምን ሆነ? ወገኖቼ፣ የሆነው ይሉኝታ ነው። በአገራችን እንግዳ ምን ያደርጋል? ብላ ሲሉት ይበላል፤ ጠግቦም ይጎርሳል። ባለቤቱ ሲስቅ ይስቃል፣ ባለቤቱ ሲነሣ ይነሣል። በሰው ቤት ተቀምጦ፣ የሰው ቡና ጠጥቶ «እኔ በዚህ አልስማማም» የሚል ማን ነው? አሳዳጊ የበደለው ይባላል። እነዚያ ሁለት እጆች ለክርስቶስ አልተነሡም። ለእኔ ነው የተነሡት። በእንግዶቼ ፊት እንዳላፍር ብለው ነው። ከልባቸው ባልሆነ እሺታ ምክንያት ደግሞ ከዚያ በኋላ ዐይኔን ማየት አቃታቸው። ነፍስ አተረፍኩ ብዬ ጎረቤት አጣሁ። ይሉኝታ እምነት አይደለም። እደግመዋለሁ፣ ይሉኝታ እምነት አይደለም! እጅ ስናስነሣ፣ አሜን ስናስብል፣ ስንቱን ይሉኝታ እምነት ብለን መዝግበን ይሆን?

እማማን ያገኘኋቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ውሃ የመጣ ዕለት ነበር፤ ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ዐረፍ ብለዋል። ጀሪካኑን ተቀብያቸው አብረን ወጣን። በራቸው ላይ ስንደርስ «ልጄ፣ አትቀየሚኝ» አሉኝ። «እኔ እኮ የምጠይቀው ነገር ነበረኝ። እናንተ ሳልጠይቅ መለሳችሁልኝ።»

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሴን ከፍቼ አንድ ነገር ብቻ መፈለግ ጀመርኩ፦ ገና ያላመኑ ሰዎች የተሰበሰቡባቸው ቤቶች የማን ነበሩ? ቀራጩ ሌዊ ታላቅ ግብዣ ያደረገው በገዛ ቤቱ ነው። ዘኬዎስን ጌታ «ወደ ምኩራብ ና» አላለውም፤ «ዛሬ በአንተ ቤት ልውል ይገባኛል» አለው። ቆርኔሌዎስ ዘመዶቹንና የቅርብ ወዳጆቹን ቤቱ ሰብስቦ ጠበቀ፤ እንግዳው ጴጥሮስ ነበር። ጴጥሮስም ስብከቱን ከመጀመሩ በፊት «በምን ምክንያት አስመጣችሁኝ?» ብሎ ጠየቀ። ስለ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ስንት ጊዜ ሰብከናል? ሠረገላው የማን ነበር? የጃንደረባው። የሚነበበው መጽሐፍስ? የጃንደረባው። «ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል?» የሚለው ጥያቄስ? እርሱም የጃንደረባው ነው። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰ፣ የሚያነበውን ያስተውለው እንደሆነ ጠየቀው፣ ከዚያም ተለምኖ ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። እንግዳ ሆኖ ተቀመጠ!

ታዲያ እኛ ሁልጊዜ ባለቤት የሆንነው ለምንድን ነው?

አንደኛ ፎቅ ላይ አንድ ወጣት መሐንዲስ ይኖራል። በሰንበት ትምህርት ቤታችን አድጎ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ማመን ያቆመ ልጅ ነው። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ለምን በእኔ ቤት አይሆንም? ግን እኔ እንደማላምን ይታወቅ» አለኝ። ቤቱ ውስጥ ስድስት የፕላስቲክ ወንበሮች አሉ፤ ጠረጴዛው ካርቶን ነው። ከቤተ ክርስቲያን እኔና አንዲት እህት ብቻ ሄድን። የጠራው እርሱ ነው፤ አንድ የሥራ ባልደረባውን፣ አንድ ጎረቤቱ የሆነ የታክሲ ሹፌርን፣ እማማንም ጠራ። እማማ ጀሪካናቸውን የሚያወጣላቸው እርሱ ስለሆነ እምቢ አላሉትም። የመጀመሪያው ማታ ባለቤቱ ቆሞ «እኔ እግዚአብሔር መኖሩን አላምንም፤ ግን ይህን መጽሐፍ ሰው ሲነግረኝ እንጂ ራሴ አንብቤው አላውቅም» አለ። በቤቱ ነዋ! በቤቱ ስለሆነ አላፈረም። እርሱ ስላላፈረ ሌሎቹም አላፈሩም። እኔ እንግዳ ነበርኩ፤ እንግዳ ደግሞ በሰው ቤት ብዙ አይናገርም። ይሉኝታው በዚያ ማታ እኔን ያዘኝ፤ ጠቀመኝም።

አሁን በያላችሁበት ወረቀት አውጡ። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉ፣ ቤታቸው ሳትጠሩ ልትገቡ የምትችሉ የሦስት ሰዎች ስም ጻፉ። እባካችሁ አሁን ጻፉ፤ እጠብቃችኋለሁ። ... አንድም ስም ያልመጣላችሁ ካላችሁ አትደንግጡ፤ ነገር ግን ኅብረት ለመጀመር አትቸኩሉ። ለቅሶ ድረሱ። እድር ግቡ። የታመመ ጠይቁ። አሥርና ሃያ ዓመት በጌታ ቤት ኖረን ከእኛ ወገን ውጭ አንድ ወዳጅ ከሌለን፣ የጎደለን የቡድን መምሪያ አይደለም።

ሦስተኛው፣ ምን እናደርጋለን? ይህን ቶሎ ቶሎ እላለሁ። የማርቆስ ወንጌልን እናነባለን፤ ከአራቱ አጭሩ ነው። ምዕራፎቹ 16 ናቸው፣ በሳምንት ሁለት ቢነበቡ በስምንት ሳምንት ያልቃል። ማለቂያውን ቀን ከመጀመሪያው እንናገራለን፤ ማለቂያ የሌለው ቀጠሮ ሰውን ያስፈራል። መጽሐፍ ቅዱስ አናድልም። ማርቆስ የት ገጽ ላይ እንዳለ የማያውቅ ሰው ገጽ ሲያገላብጥ ያፍራል፤ ስለዚህ የሚነበበውን ክፍል በትልልቅ ፊደል ፎቶ ኮፒ አድርገን ለሁሉም አንድ አንድ ወረቀት እንሰጣለን፣ እኛም ከዚያው እናነባለን። ሦስት ጥያቄ እንጠይቃለን፦ ምን ገረማችሁ? ምን አስቸገራችሁ? ኢየሱስ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ ታያችሁ? አማኞቹ የምንናገረው በመጨረሻ፣ ከተጠየቅን ነው።

ምግብን በተመለከተ ግን ቆም ልበል፤ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ለንደን ውስጥ በሆሊ ትሪኒቲ ብሮምፕተን ቤተ ክርስቲያን የተጀመረውን አልፋ የተባለ ትምህርት የምታውቁ አላችሁ። መጀመሪያ ለአዳዲስ አማኞች ነበር፤ ኋላ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ላሉ ሰዎች ተከፈተ። ከእራት ነው የሚጀምረው። ለእነርሱ መልካም ነው፤ ማዕድ ያቀራርባቸዋል። እኛ ዘንድ ግን ማዕድ ራሱ ሊለየን ይችላል። የሙስሊሙ ጎረቤታችን የክርስቲያን እርድ አይበላም፣ ክርስቲያኑም የእርሱን አይበላም። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ፊት ወተት የገባበት ኬክ ማቅረብ እንዴት ያለ ጭካኔ ነው! ስለዚህ ቡና፣ ቆሎና የጾም ዳቦ ይበቃል። ቀኑንም ሐሙስ ያደረግነው ለዚሁ ነው። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ፤ ያኔ ጀበናውን ትተን ንባቡን ብቻ ይዘን ተቀመጥን። ማንም የቀረበትን አልጠየቀም።

አሁን ወደ እማማ ልመለስ።

በሁለተኛው ሳምንት ማርቆስ ምዕራፍ 4 ላይ ደረስን። መሽቷል፤ ጀልባዋ በማዕበል ተይዛለች፤ ኢየሱስ ትራስ ተንተርሶ ተኝቷል። ደቀ መዛሙርቱ ይቀሰቅሱታል፦ «መምህር ሆይ፣ ስንጠፋ አይገድህምን?» መሐንዲሱ አንብቦ ጨረሰ። «ምን አስቸገራችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። ዝም አሉ። በልቤ እስከ አሥር ቆጠርኩ። እንደገና ቆጠርኩ። እማማ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ፣ እዚያው መስመር ላይ አድርገው «ይህን የምለው እኔ ነኝ» አሉ።

ልጃቸው ጅቡቲ ባለችው የወደብ ከተማ በኦቦክ በኩል በጀልባ ወደ የመን ሲሻገር ነው የቀረው። ሳዑዲ ገብቶ፣ ሠርቶ ሊጦራቸው ነበር። አስከሬን አልመጣም። ስንት ዓመት አብረን ደረጃ ስንወጣ፣ ስንት ጊዜ «ደህና አደሩ» ስላቸው፣ ልጅ እንደነበራቸው አላውቅም ነበር። «ለእነርሱ ጊዜ ነቃ» አሉ እማማ። «ለእኔ ልጅ ጊዜ ለምን ተኛ? ቤተ ክርስቲያን ደጅ እቆማለሁ፤ መጸለይ ግን አልችልም። ያኔ ቤትሽ ልጠይቅ የመጣሁት ይህን ነበር።»

ወገኖቼ፣ ጥቅሱ አፌ ላይ ነበር። ሮሜ ምዕራፍ 8 ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እንግዳ ባልሆን ኖሮ እናገረው ነበር። አፌን ያዝኩ። የተናገረው መሐንዲሱ ነው፤ የማያምነው ልጅ። «እማማ፣ እኔም የቆምኩት እዚያው መስመር ላይ ነው» አለና ወንበሩን አንሥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ሹፌሩ ዐይኑን ጠረገ። ብዙ ቆይቼ «እማማ፣ ስለ እርስዎ ብጸልይ ይፈቅዱልኛል?» አልኳቸው። «እዚሁ ጸልዪ» አሉ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ጸለይኩ። ከዚያ በላይ አልነበረኝም።

በሦስተኛው ሳምንት መጡ። የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ያችኑ ወረቀት አወጡ፤ ከመታጠፏ ብዛት መሐሏ ሊቀደድ ደርሷል። «ደጋግሜ አየሁት» አሉ። «‹ስለ ምን ትፈራላችሁ?› ማለቱን አልወደድኩለትም። ግን ሲጠሩት መነሣቱን አይቻለሁ።»

ስምንቱ ሳምንት አለቀ። ሹፌሩ በአራተኛው ሳምንት አቁሟል፤ መንገድ ላይ ሲያየኝ ግን ታክሲውን አቁሞ ይሳለመኛል፣ ፊቱን አያዞርም። የመሐንዲሱ ባልደረባ ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀምሯል። መሐንዲሱ ዛሬም አላምንም ይላል፤ አንድ ሐሙስ ግን አልቀረም። በመጨረሻው ማታ ወንበሮቹን ስንደራርብ እማማ «ቀጣዩ በእኔ ቤት ይሁን» አሉ፤ ማንን እንደሚጠሩም ራሳቸው ቆጠሩ። ሦስት የእድር ጓደኞቻቸውን።

ባለፈው ሐሙስ ጀመርን። ግድግዳው ላይ የልጃቸው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ እኔን አስቀመጡኝ። ዕጣን አጨሱ፣ አቦሉን ቀዱ፣ ለእኔም ሲኒዬን ሰጥተው እስክጠጣ ጠበቁኝ። ከዚያ ወረቀቱን ዘረጉልኝና «አንቺ አንብቢልን፤ ዛሬ የምጠይቀው እኔ ነኝ» አሉ።

ጌታ ይባርካችሁ።